የጉብኝት መመሪያ መጽሐፍ ዝግጅትና የቅጂ መብት ቃላት

ስለ አንድ ከተማ ወይም አውራጃ የጉብኝት መመሪያ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ከሌሎች ሥራዎች መነሣቱ አይቀርም። ቀደም ብለው የታተሙ መጻሕፍትን፣ ካርታዎችንና ፎቶግራፎችን ይሰበስባል፤ ብዙ ጊዜም ከባዕድ ቋንቋ ይተረጕማል። ከእነዚህ መካከል የትኛውን በነጻ፣ የትኛውን በፈቃድ ብቻ ሊጠቀምበት እንደሚችል የሚወስነው ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚነገርባቸው ቃላት በዕለት ተዕለት አማርኛ ሌላ ትርጉም ስላላቸው፣ አዘጋጁም ተርጓሚውም ሳያውቁ ከመብት ጥሰት ሊደርሱ ይችላሉ። ስለሆነም ዋና ዋናዎቹን ቃላት ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

ቅጂ፦ በተለምዶ ቅጂ ማለት ከአንድ ጽሑፍ የተገለበጠ ሌላ ጽሑፍ ነው። ከዚህ የተነሣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተደነገገው መብት ማባዛትን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። መብቱ ግን ከዚህ ይሰፋል፤ መተርጐምን፣ ወደ ሌላ መልክ መለወጥንና ማሠራጨትንም ይጨምራል። እንግዲህ ከመጽሐፉ አንዲት ገጽ እንኳ ያልገለበጠ ሰው፣ መጽሐፉን ያለ ፈቃድ ተርጕሞ በማሳተሙ ሊጠየቅ ይችላል።

ፍሬ ነገርና አገላለጽ፦ የሕጉ መሠረት የእነዚህ ሁለት ቃላት ልዩነት ነው። ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ማድረጋቸው፣ የፋሲል ግቢም በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ መስፈሩ ፍሬ ነገር ነው፤ ባለቤት የለውም፤ ማንም ሊጽፈው ይችላል። አንድ ደራሲ ግቢውን ከበር እስከ በር ያሳየበት የራሱ ዐረፍተ ነገርና አቀራረብ ግን አገላለጽ ስለሆነ ጥበቃ አለው። የደራሲውን ዐረፍተ ነገሮች በቅደም ተከተል ይዞ ጥቂት ቃላትን በተመሳሳይ ቃላት መተካት አገላለጹን የራስ አያደርገውም።

ጥቅስና ፈቃድ፦ «ምንጩን ጠቅሻለሁ» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ምንጭ መጥቀስ ለደራሲው ክብር መስጠት እንጂ ከደራሲው ፈቃድ መቀበል አይደለም። ሕጉ ያለ ፈቃድ የሚፈቅደው ጥቅስ፣ ለተፈለገው ዓላማ ከሚበቃው መጠን ያላለፈና የደራሲው ስምና ምንጩ የተገለጸበት ነው። አንድን ምዕራፍ በሙሉ ወስዶ ከግርጌው የደራሲውን ስም ማስፈር ጥቅስ ሊባል አይችልም።

ትርጉም፦ ይህ ቃል ፍችንም፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የተመለሰ ሥራንም ስለሚያመለክት፣ በውል ውስጥ ሲገባ የትኛው እንደተፈለገ መገለጽ አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ደራሲው ፈቃድ መተርጐምን አይከለክልም ነበር፤ ዛሬም ድረስ መተርጐም ፈቃድ አያሻውም የሚል እምነት መኖሩ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። በአዋጁ ግን መተርጐም ከደራሲው የኢኮኖሚ መብቶች አንዱ ሆኗል። በሌላ በኩል ተርጓሚው በትርጉም ሥራው ላይ የራሱ መብት አለው፤ ይህም የመነሻውን ደራሲ መብት አይቀንስም። ስለዚህ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ የተመለሰን የጉዞ መጽሐፍ ከአማርኛው ወደ ኦሮምኛ የሚመልስ ሰው፣ መብቶቹ ጸንተው ባሉበት ዘመን የሁለቱንም ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል።

ቅርስና ፎቶግራፍ፦ የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በመላእክት ሥዕል ያስጌጡ ሠዓልያን ካረፉ ዘመናት ስላለፉ፣ በሥዕሉ ላይ የቅጂ መብት የሚጠይቅ የለም። የሥዕሉ ፎቶግራፍ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠበቃል። ቤተ ክርስቲያኑን ለማንሣት የሚገኘው የአስተዳደሩ ፈቃድ፣ ሌላ ሰው ባነሣው ፎቶግራፍ ለመጠቀም ከሚያስፈልገው የባለ መብቱ ፈቃድ የተለየ ነው። ካርታም እንደዚሁ ነው፤ መንገዱ የሁሉም ሲሆን የመንገዱ ሥዕል የሠሪው ነው።

መመሪያ፦ በመንግሥት ሥራ መመሪያ ማለት የአስተዳደር ደንብ ነው፤ የሕግና የአስተዳደር ይፋ ጽሑፎችና ይፋ ትርጉሞቻቸውም በቅጂ መብት አይጠበቁም። የጉብኝት መመሪያ ግን የደራሲ ሥራ ነው። ስለሆነም በውልና በመጽሐፍ ሽፋን ላይ «መመሪያ» ብሎ ከማሳጠር ይልቅ «የጉብኝት መመሪያ መጽሐፍ» ብሎ በሙሉ መጻፍ ይመረጣል።

ከዚህ በላይ የተመለከቱት ቃላት ተለይተው ከታወቁ፣ አዘጋጁ ከእያንዳንዱ ምንጭ ፊት የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ግልጽ ይሆናሉ፦ የምወስደው ፍሬ ነገሩን ነው ወይስ አገላለጹን? አገላለጹ ከሆነ የመብቱ ዘመን አልፏል? ካላለፈ የምወስደው በጥቅስ ልክ ነው? በጥቅስ ልክ ካልሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ማን ይሰጠኛል? ተርጓሚውም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ለአሳታሚው ማቅረብና መልሱን በውሉ ላይ ማስፈር ይገባዋል፤ ይህም የሌላውን መብት ከመጣስ፣ የራሱንም ከማጣት ይጠብቀዋል።