መንግሥት መድኃኒት ሲገዛ ከማን ይግዛ?

በየትኛውም አገር ከሸማቾች ሁሉ ትልቁ መንግሥት ነው። ወታደሩን የሚያለብሰው፣ መንገዱን የሚያሠራው፣ ተማሪ ቤቱን በወንበር፣ ሆስፒታሉን በመድኃኒት የሚያሟላው እርሱ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ደንብ የአንድን ፋብሪካ ዕድሜ ሊያረዝም ወይም ሊያሳጥር ይችላል። የመንግሥት ግዥ የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአገር ልማት ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጥያቄ በመካከላችን ሲነሣ ክርክሩ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን «የሕዝብ ገንዘብ ነውና ርካሹ ይገዛ፤ በሽተኛ መድኃኒቱ የት እንደ ተሠራ አይጠይቅም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ዛሬ ከውጭ በርካሽ የገዛነውን ነገ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ በምንም ዋጋ አናገኘውም፤ የራሳችን ፋብሪካ ይደገፍ» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ጸሐፊው የሕክምና ተማሪ እንጂ የሕግ ወይም የኢኮኖሚ ሊቅ አይደለም። ሆኖም ውሳኔው በመጨረሻ የሚያርፈው በበሽተኛው ላይ ስለ ሆነ፣ የሕጉን አሠራር፣ ሊባኖስ በቅርብ ዓመታት ያሳየችንን ትምህርትና የሕጉን ደካማ ጎኖች በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

፩. ሕጉ ምን ይላል?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 በአገር ውስጥ ለተመረቱ ዕቃዎች፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች፣ እንዲሁም ለአገር ውስጥ የግንባታና የምክር አገልግሎት ድርጅቶች በጨረታ «ልዩ አስተያየት» እንዲደረግ ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማስፈጸሚያ መመሪያ ደግሞ መጠኑን ወሰነ። ለመድኃኒትና ለሕክምና መሣሪያ 25 በመቶ፣ ለሌላ የፋብሪካ ውጤት 15 በመቶ፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት 7.5 በመቶ ሆነ። ከሁሉ የበለጠው ድርሻ ለመድኃኒት መሰጠቱን ልብ ይሏል።

«በአገር ውስጥ የተመረተ» ለመባልም መለኪያ ተቀመጠ። ከዕቃው ጠቅላላ ዋጋ ውስጥ ከ35 በመቶ በላይ የሚሆነው እሴት ኢትዮጵያ ውስጥ የተጨመረ መሆን አለበት። አዋጅ ቁጥር 649 በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል፤ የአገር ውስጥ አምራችን በግዥ የመደገፍ ሐሳብ ግን በአዲሱም ቀጥሏል።

ድጋፉ የሚመለከታቸው ፋብሪካዎች በወረቀት ላይ ብቻ ያሉ አይደሉም። በዱከም የመድኃኒት ቅርፊት (ካፕሱል) የሚሠራ ፋብሪካ አለ፤ በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተከለለ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል፤ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሂውማንዌል የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ፋብሪካ ከፍቷል። ለመንግሥት ሆስፒታሎች በብዛት የሚገዛው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ስለ ሆነ፣ የእነዚህ ፋብሪካዎች ዋና ደንበኛ ማን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም።

፪. ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው 25 በመቶ ልዩ አስተያየት ሲባል መንግሥት ለፋብሪካው 25 በመቶ ጨምሮ የሚከፍል ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ለማስረዳት ያህል ብቻ በወሰድናቸው ቁጥሮች እንየው።

መንግሥት አንድ ሚሊዮን ከረጢት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ለመግዛት ጨረታ አወጣ እንበል። የውጭው ተጫራች ማጓጓዣውንም ቀረጡንም አስልቶ ከረጢቱን በ100 ብር አቀረበ። የአገር ውስጡ በ120 ብር አቀረበ። የጨረታው ኮሚቴ ለማወዳደሪያ ብቻ በውጭው ዋጋ ላይ 25 በመቶ ይጨምርና 125 ያደርገዋል። 120 ከ125 ስለሚያንስ የአገር ውስጡ ያሸንፋል፤ የሚከፈለውም ያቀረበው 120 ብር ነው። የአገር ውስጡ ያቀረበው 130 ብር ቢሆን ኖሮ ግን የውጭው ያሸንፍና 100 ብር ይከፈለው ነበር። እንግዲህ ልዩ አስተያየት ማለት በሩጫ መነሻ ላይ ጥቂት እርምጃ ቀድሞ መቆም ማለት ነው፤ ሩጫውን ግን አያስቀርም።

አሁን የሒሳቡን ሌላ ፊት እንይ። በ120 ሚሊዮን ብር ከአገር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ከረጢት ይገዛል። በዚያው ገንዘብ ከውጭ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺሕ ይገዛ ነበር። ልዩነቱ ሁለት መቶ ሺሕ ከረጢት ነው። በተቅማጥ ውሃው ያለቀ ሕፃን፣ በወሊድ ደም የፈሰሳት እናት፣ የእነዚህ ከረጢቶች ባለቤቶች እነርሱ ናቸው። የልዩ አስተያየት ዋጋ ይህ ነው። በምትኩ ሕዝቡ ማግኘት የሚገባው አለ፦ ለሠራተኛው ደመወዝ፣ ለመንግሥት ግብር፣ የተረፈ የውጭ ምንዛሪ፣ የተማረ የሰው ኃይል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በክፉ ቀን የማይዘጋ በር። ይህ ምትክ ከተገኘ ዋጋው ተገቢ ነው፤ ካልተገኘ ግን በበሽተኛ ላይ የተጣለ ግብር ይሆናል።

፫. ሌሎችስ ምን ያደርጋሉ?

ይህ የድሃ አገሮች ፈሊጥ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት «የአሜሪካን ዕቃ ግዛ» የተባለውን ሕግ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1933 በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ነው፤ ሕጉ ዛሬም ይሠራል። ዕቃው የአሜሪካ ለመባል ከአገር ውስጥ የሚፈለግበት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 60 በመቶ፣ በ2024 ወደ 65 በመቶ ከፍ ብሏል፤ በ2029 ደግሞ 75 በመቶ እንዲደርስ ተወስኗል። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ትእዛዝ ከዋጋው ግማሹና ከዚያ በላይ ከአገር ውስጥ ለሆነ ዕቃ የመጀመሪያውን ደረጃ ሰጥታለች። የዓለም ባንክ ራሱ በሚያበድርባቸው ግዥዎች ለአገር ውስጥ ዕቃ 15 በመቶ፣ ለግንባታ 7.5 በመቶ አስተያየት ሲፈቅድ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው አጠቃላይ የንግድና የታሪፍ ስምምነትም የመንግሥትን ግዥ ከእኩል አያያዝ ግዴታ ውጭ አድርጎታል።

ለመድኃኒት ደግሞ ልዩ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲጀምር፣ ለድሃ አገሮች መድኃኒት በብዛት የምታቀርበው ሕንድ ፓራሲታሞልን ጨምሮ በ26 ጥሬ ዕቃዎችና መድኃኒቶች ሽያጭ ላይ ገደብ አደረገች። ገንዘብ የያዘ ሁሉ የሚገዛበት ገበያ በአንድ ቀን ሊዘጋ እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ።

፬. ሊባኖስ ያሳየችን

ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ የምንማርባት አገር ምሳሌ ናት። ሊባኖስ አብዛኛውን መድኃኒቷን ከውጭ የምታስገባ አገር ናት። የሊባኖስ ፓውንድ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ለአንድ ዶላር 1,507.5 ሆኖ ተተክሎ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ወደቀ። ማዕከላዊው ባንክ ለመድኃኒት አስመጪዎች ዶላር በቀድሞው ዋጋ እያቀረበ ጥቂት ጊዜ ያዘው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ በካራንቲና የሚገኘው የጤና ሚኒስቴር ማዕከላዊ የመድኃኒት መጋዘንም ተጎዳ። በ2021 ዶላሩ ሲመነምን የመድኃኒት ቤቶች መደርደሪያ ባዶ ሆነ፤ በሐምሌ ወር መድኃኒት ቤቶች አድማ መቱ፤ በኅዳር ወር ድጎማው ከአብዛኞቹ መድኃኒቶች ላይ ተነሥቶ ዋጋው በብዙ እጥፍ ናረ። በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ለሚኖሩ፣ መድኃኒት ከኪሳቸው ከፍለው ለሚገዙ ሠራተኛ እህቶቻችን ይህ የኢኮኖሚ መጽሐፍ ምዕራፍ አልነበረም።

በዚያ ጊዜ የሊባኖስ የራሷ መድኃኒት ፋብሪካዎች ከጎደለው ጥቂቱን ሞሉ፤ ይህ የሁለተኛውን ወገን ክርክር ይደግፋል። ነገር ግን የእነርሱም ጥሬ ዕቃ የሚመጣው ከውጭ በዶላር ነበርና ጭንቁ እነርሱንም አላለፋቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የጸናው የሊባኖስ የመንግሥት ግዥ ሕግ ቁጥር 244 ለአገር ውስጥ ዕቃ 10 በመቶ አስተያየት ይሰጣል። በመቶኛው ከኛ ያንሳል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የፋብሪካው ሕንፃ በአገር ውስጥ መቆሙ ብቻውን ከጥገኝነት አያድንም፤ ጥሬ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና በምን ገንዘብ እንደሚገዛም መታየት አለበት።

፭. ሕጉ የት ላይ ይሰበራል?

አንደኛ፣ በስም ብቻ አገር በቀል መሆን። በጅምላ የመጣን እንክብል በአዲስ ካርቶን ማሸግ ማምረት አይደለም። አንድ መድኃኒት 100 ብር ተሸጦ ለውጭ ጥሬ ዕቃና ማሸጊያ የወጣው 70 ብር ከሆነ፣ በአገር ውስጥ የተጨመረው 30 ብር ነውና የ35 በመቶውን መለኪያ አያልፍም። መለኪያው የሚጠቅመው ግን ደረሰኙን መርምሮ የሚያሰላ ሰው ሲኖር ነው።

ሁለተኛ፣ አስተያየቱ ውድድርን ሲተካ። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) የአገር ውስጥ አቅም ይገነባል ተብሎ ታላላቅ የመንግሥት ሥራዎች ያለ ጨረታ ተሰጡት። የስኳር ፋብሪካዎች ግንባታ ዓመታት ዘገየ፤ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራም ስለ ተጓተተ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከእጁ እንዲወጣ ተወሰነ። ዓላማው ትክክል ሆኖ ሳለ ተወዳዳሪና ተቆጣጣሪ መጥፋቱ አገሪቱን ምን ያህል እንዳስከፈላት ሁላችንም እናውቃለን።

ሦስተኛ፣ ክፍያና ምንዛሪ። ጨረታ ያሸነፈ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሚገዛው በዶላር፣ የሚከፈለው በብር ነው። ባንክ ቤት የውጭ ምንዛሪ ተራ ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ፤ ሆስፒታሉም አብሮ ይጠብቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀደም ብሎ በተቆረጠ የብር ዋጋ የተዋዋለ አምራች ምን ሊደርስበት እንደሚችል ማስላት ቀላል ነው። በጨረታ አሸንፎ ማቅረብ ካልቻለ፣ አሸናፊነቱ ለበሽተኛው ምንም አይደለም።

አራተኛ፣ ሁሉን በአንድ ቅርጫት መጫን። በአዲግራት የሚገኘው አዲስ መድኃኒት ፋብሪካ ከአገሪቱ ትላልቅ አምራቾች አንዱ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ሥራው ተቋረጠ። ከውጭ ጥገኝነት ወጥቶ በአንድ ፋብሪካ ላይ ጥገኛ መሆን መፍትሔ አይሆንም።

አምስተኛ፣ ጥራት። ልዩ አስተያየት የሚሰጠው በዋጋ ላይ ነው፤ በጥራት ላይ ፈጽሞ ሊሰጥ አይገባም። ኃይሉ ከተጻፈበት ያነሰ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በሽተኛውን ካለማዳኑም በላይ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል፤ ጉዳቱ ከአንድ ሰው አልፎ ለማኅበረሰቡ ይተርፋል። ስለዚህ በአገር ውስጥ የተሠራውም ከውጭ የመጣውም በአንድ ዓይነት ምርመራ ማለፍ አለባቸው።

፮. ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዘረዘረው ተነሥተን ልዩ አስተያየት ይቅር አንልም። የምንለው ብድር እንጂ ርስት አይሁን ነው። ሀ) አስተያየቱ የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ ፋብሪካው ሲጠና መቶኛው በየጥቂት ዓመቱ ይቀንስ፤ በአገር ውስጥ የሚጨምረው እሴት ግን ከፍ እንዲል ይጠየቅ። ለ) ለአሸናፊው አምራች ቅድሚያ ክፍያ በጊዜው ይሰጠው፤ ምንዛሪ ሲለወጥ ዋጋ የሚስተካከልበት አንቀጽ በውሉ ይግባ፤ በምትኩ ላዘገየበት ቀን ይቀጣ። ሐ) ሕይወት አድን ለሆኑ መድኃኒቶች ትእዛዙ ቢያንስ ለሁለት አቅራቢዎች ይከፈል። መ) በአስተያየቱ ምክንያት በዓመት ምን ያህል ብር ተጨማሪ እንደ ተከፈለና በምትኩ ምን እንደ ተገኘ ለሕዝብ ይገለጥ።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ቁጥሮቹ በመሥሪያ ቤቶቹ መዝገብ ውስጥ አሉና። ሁለት መቶ ሺሕ ከረጢት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የቀረበት ሕዝብ፣ በእርሱ ፋንታ ፋብሪካ እየተሠራለት እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ የማወቅ መብት አለው። ፋርማሲ፣ ኢንጂነሪንግና ንግድ የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ በጨረታ ኮሚቴ ወንበር የምትቀመጡት እናንተ ናችሁና በጉዳዩ ላይ የየሙያችሁን አስተያየት በሚቀጥለው እትም እንድትጽፉ እንጠይቃለን።