ካርታ ላይ ያለች ነጥብ ምን ትነግረናለች? ወንጀልንና ግጭትን ለማጥናት የሚጠቅሙ የኢንተርኔት ምንጮች

 

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ወቅት ሲደርስ፣ በተለይ ጂኦግራፊ፣ ሕግና ሶሺዮሎጂ ከሚማሩ የጀመዓችን አባላት አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ስለ ወንጀልና ግጭት መረጃ ከየት ይገኛል? ጥያቄው የትምህርት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለዒድ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ተማሪም፣ በአምቦና በጊንጪ መካከል የሚመላለስ ነጋዴም “መንገዱ እንዴት ነው?” ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ በነፃ የሚገኙ ምንጮችን እናስተዋውቃችሁና እንዴት እንደሚነበቡ እናያለን።

ምንጮቹ

የእንግሊዝ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ የተመዘገቡ ወንጀሎችን በየወሩ እስከ መንገድ ደረጃ በካርታ ያወጣል። የአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማም ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን መረጃ ክፍት አድርጋለች። በእነዚህ ልምምድ መጀመር ይቻላል። በእኛ አገር የወንጀል መዝገብ የሚገኘው በፖሊስ ጣቢያ ስለሆነ፣ አጥኚው ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ ይዞ መጠየቅ አለበት። ስለ ግጭት ግን ኢትዮጵያን የሚሸፍኑ ክፍት ምንጮች አሉ።

አክሌድ፦ በአፍሪካ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከሰቱ ውጊያዎችን፣ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የደረሱ ጥቃቶችን፣ ሰልፎችንና ሁከቶችን ከቀንና ከቦታ ጋር ይመዘግባል። መመዝገብ ስለሚጠይቅ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ያለው ሰው በዚያ ቢመዘገብ ይመረጣል።

የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ፦ ከ1989 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። የሰው ሕይወት የጠፋባቸውን ክስተቶች ብቻ ስለሚይዝ፣ ዝርፊያ ወይም ሞት ያላስከተለ እገታ እዚያ አይገኝም።

ኤችዲኤክስ፦ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የመረጃ ቋት ነው። የክልል፣ የዞንና የወረዳ ወሰኖችን ከዚህ ታወርዳላችሁ።

ኦፕን ስትሪት ማፕ እና ኪውጂአይኤስ፦ የመጀመሪያው የመንገዶችና የከተሞች ነፃ ካርታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉንም በአንድ ላይ አድርጎ ክስተት የሚበዛበትን ቦታ በቀለም የሚያሳይ ነፃ ሶፍትዌር ነው።

ጊንጪን እንደ ምሳሌ

ጊንጪ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደንዲ ወረዳ ከተማ ናት። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የከተማዋ ተማሪዎች የጭሊሞ ደንንና የኳስ ሜዳውን ጉዳይ አንስተው አደባባይ ወጡ። ተቃውሞውም ወደ ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ ምዕራብ ሸዋ የታጠቁ ኃይሎችን ግጭትና እገታን አይቷል።

አሁን አንድ አጥኚ የክስተቱን ዓይነት ሳይለይ ነጥቦቹን ብቻ ቢቆጥር ምን ይሆናል? ደብተሩን ይዞ የተሰለፈ ተማሪና መሣሪያ ይዞ መንገድ የዘጋ ሰው እኩል አንድ አንድ ነጥብ ይሆናሉ። ተቃውሞ ያሰማች ከተማም ወንጀል የበዛባት ከተማ መስላ ትታያለች። ይህ የቁጥር ስህተት ብቻ ሳይሆን በነዋሪዎቿ ስም ላይ የሚደርስ በደልም ነው።

ከመደምደማችን በፊት

አንደኛ፣ ቦታው ምን ያህል እርግጠኛ ነው? አክሌድ ለእያንዳንዱ ክስተት ከ1 እስከ 3 የቦታ ትክክለኛነት ቁጥር ይሰጣል። 1 ከሆነ ከተማው በስም ተጠቅሷል ማለት ነው። 3 ከሆነ ግን ዘገባው ሰፊ አካባቢን ብቻ የጠቀሰ ስለሆነ፣ ነጥቡ በአካባቢው ዋና ከተማ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት አምቦ የዞን ከተማ በመሆኗ ብቻ የሌላ ቦታ ነጥብ ልትሸከም ትችላለች። ስለዚህ 3 የተሰጣቸውን ለይታችሁ አውጡ።

ሁለተኛ፣ ማን ዘገበው? ነጥብ የሚወለደው ከዘገባ ነው። ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት ነጥብ መጥፋቱ ሰላም መስፈኑን አያሳይም።

ሦስተኛ፣ ከስንት ሰው ውስጥ? በ100,000 ሕዝብ መካከል የተፈጸሙ 10 ወንጀሎችና በ10,000 ሕዝብ መካከል የተፈጸሙ 10 ወንጀሎች እኩል አይደሉም። የሁለተኛው መጠን አሥር እጥፍ ነው።

ለጉዞም ቢሆን እነዚህን ካርታዎች አትመኩባቸው። መረጃው ተሰብስቦና ተጣርቶ እስኪወጣ ቀናት ያልፋሉ። የዛሬውን መንገድ የሚያውቁት ሾፌሮችና በዚያው የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው።

የሰው ገመና አማና ነው

ከፖሊስ ጣቢያ መዝገብ የምትወስዱ ከሆነ የተበዳይን ቤት በካርታ ላይ አታሳዩ። በትንሽ ከተማ አንዲት ነጥብ ስም ከመጥራት አታንስም። የእንግሊዙ ድረ ገጽ እንኳ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ትክክለኛ ቦታ ሳይሆን በአቅራቢያው ያለ የጋራ ነጥብ ነው የሚያሳየው። እኛም በቀበሌ ደረጃ ጠቅለል አድርገን ብናቀርብ ጥናቱ አይጎዳም፤ ተበዳይዋም አትጋለጥም። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ከመጀመራችሁ በፊት አንብቡት።

ወሬ ሲደርሰን ማጣራት እንዳለብን ሁላችንም እናውቃለን። ካርታም በቀለም የተሣለ ወሬ ሊሆን ይችላልና ነጥቧን ተጭናችሁ ዓይነቷን፣ ምንጯንና የቦታ ቁጥሯን ሳታዩ ለማንም አታስተላልፉ።