ሲቪ ምስክርነት ነው

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ መልካሳ ላይ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ሲቪውን ሰጠኝ። በዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ አለው፤ ከተመረቀ ወዲህ ግን ቋሚ ሥራ አላገኘም። ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነው። ገና ከአናቱ «ታታሪ፣ ጫና የሚቋቋም፣ የመሪነት ተሰጥዎ ያለው» ይላል።

«ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ ነው። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የሚያወጣልን።»

«ሥራ ሠርተህ አታውቅም?»

«የረባ የለም፤ ሁለት ክረምት በምርምር ማዕከሉ ማሳ ላይ በቀን ሠራተኝነት ከመሥራት በቀር» አለኝ፤ አፍሮ።

የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 የተቋቋመ፣ በተለይ በቦሎቄና በአትክልትና ፍራፍሬ ምርምሩ የሚታወቅ ተቋም ነው። ይህ ልጅ የሙከራ መደቦችን ሳያደበላልቅ አጭዷል፤ የእያንዳንዱን መደብ ምርት መዝኖ በቁጥሩ አስመዝግቧል። ዘር ለሚያባዛ እርሻ ይህቺ አንዲት መስመር ከአሥር «ታታሪ» ትበልጣለች። በየትኛው ሰብል፣ ስንት ወር፣ ምን ምን እንደሠራ ይጻፈው።

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች ችሎታቸውን መናገር ኩራት ይመስላቸዋል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ግን በንጉሡ ፊት በምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾሙ ሲጠይቁ ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን ገልጸዋል (ሱረቱ ዩሱፍ፣ አንቀጽ 55)። ሁለት ነገር ብቻ! ሁለቱም ለተጠየቀው ሥራ የሚያስፈልጉ ናቸው፤ ሁለቱም አስቀድሞ በተግባር የታዩ ናቸው።

የማጋነኑ ነገር የባሰ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ኤክሴል «በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈ። ፈታኞቹ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው የደመወዝ ሰንጠረዥ እንዲሠራ ቢያዙት መደመሪያው ጠፋበት። ያን ዕለት እውነተኛ ዲፕሎማው ሳይቀር ተጠራጣሪ አገኘ። በቋንቋም እንዲሁ፦ ቁርኣን መቅራትና ዐረብኛ መናገር ይለያያሉ። በአንጻሩ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አሟልቶ የሚናገርና የሚጽፍ የአዳማ ልጅ ይህን ሳይጽፍ ይቀራል! በመድረሳ ሁለት ዓመት ሕፃናትን ያስተማረች እህትም «ልምድ የለኝም» ትላለች። ስንት ልጆች፣ በሳምንት ስንት ቀን? ይህ ልምድ ነው።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ያስቸግራሉ። አንደኛው ስም ነው። «ሙሐመድ» በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ እናውቃለን፤ የ8ኛ ክፍል ካርዱ አንድ፣ ዲፕሎማው ሌላ፣ የፋይዳ መታወቂያው ሦስተኛ ይሆናል። ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት አመሳክሮ ማስተካከል ይገባል፤ ሲቪው ላይም እንደ ዲፕሎማው ይጻፍ። ሁለተኛው ዘመን ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተመረቀች እህት በእንግሊዝኛ ሲቪዋ ላይ 2014 ብላ ከጻፈች፣ አንባቢው ስምንት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠች ያደርጋታል፤ በፈረንጆቹ 2022 ነውና።

ለመልካሳው ልጅ ሦስቱን ገጽ አንድ አደረግንለት። መጨረሻ ላይ የስልክ ቁጥሩን ሳይ፣ «ያንተ ነው?» አልኩት።

«የወንድሜ ነው። አሁን ሞጆ ነው የሚሠራው።»

«ቢደውሉልህስ?»

ሳቀና ቁጥሩን ሰርዞ የራሱን ጻፈ። ማመልከቻው ሰኞ ይዘጋ ስለነበር በዚያው ምሽት ሊያሳትመው ይዞት ሄደ።