ኖራ መበተኛ ለመጎተት ምን ዓይነት ትራክተር ይበቃል?

በወለጋ፣ በአዊና በሌሎች ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋዎች የአፈር አሲዳማነት ምርት ይቀንሳል። አሲዳማ መሬት በኖራ ይታከማል፤ ለአንድ ሄክታር ግን ብዙ ጊዜ በርካታ ቶን ኖራ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በእጅ መበተን ጉልበት ይጨርሳል፣ ብናኙም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ መሬቱ ሰፋ ሲል፣ ለምሳሌ በኩታ ገጠም ሲታረስ፣ በትራክተር የሚጎተት መበተኛ ማሰብ ተገቢ ነው።

መበተኛ የሚገዛም የሚከራይም ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚበቃ ነው። ከዚያ በፊት ግን መሣሪያው ተሞልቶ ስንት እንደሚመዝን ይጠየቅ። የገንዳው መጠን የሚነገረው በሜትር ኩብ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 4 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ ደረቅ ፍግ ሲሞላ ከ2 እስከ 3 ቶን ይጭናል። ያው ገንዳ ኖራ ሲሞላ ጭነቱ ወደ 5 ቶን ይጠጋል። ባዶው መበተኛ 1.5 ቶን ቢመዝን ትራክተሩ 6.5 ቶን ይጎትታል ማለት ነው።

ይህን ክብደት በለሰለሰ የታረሰ ሜዳ ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለመጎተት፣ መበተኛ ሳህኖቹን ማዞሩ ታክሎበት፣ 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይበቃል። በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት ላይ ግን ፍላጎቱ ወደ 100 ይጠጋል። የደጋ መሬት ደግሞ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ትራክተሩ መመረጥ ያለበት በዳገቱ ልክ ነው።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ጉልበት ያነሰው ትራክተር ዳገት ላይ ይቆማል፤ ክብደት ያነሰው ግን ቁልቁል ሲወርድ መበተኛው ከኋላ ይገፋዋል። ጎማው መሬት መያዝ ሲያቅተው ትራክተሩ ወደ ጎን ይዞራል፣ ሊገለበጥም ይችላል። ፍሬን የሌለው ተጎታች ተሞልቶ ከትራክተሩ ክብደት ከአንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። 6.5 ቶን ለመጎተት ትራክተሩ ከ4.3 ቶን በላይ መመዘን አለበት። ባለ 60 የፈረስ ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ ከ3 ቶን አይበልጥም፤ ሜዳ ላይ ቢጎትተውም ቁልቁለት ላይ ማቆሙ ያስፈራል። ሾፌሩ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ያስገባ፤ መሃል ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ለመቀየር መሞከር ሕይወት ያሳጣል።

ባለ አንድ አክስል መበተኛ ከሆነ ከጭነቱ የተወሰነው በመጎተቻው በኩል የትራክተሩን ጀርባ ይጫናል፤ የፊት ጎማዎቹ ይቀሉና መሪው አልታዘዝ ይላል። ከፊት ተጨማሪ ብረት ማሰር ይረዳል። ኃይል የሚያስተላልፈው የፒቲኦ ዘንግ ፍጥነትም መበተኛው ከሚፈልገው ጋር ይግጠም፤ በብዛት በደቂቃ 540 ዙር ነው። የዘንጉ መከለያ ከጠፋ ሥራ አይጀመር፤ ነጠላ ወይም የሱሪ ጫፍ ከያዘ ሰውን ይዞ ይጠቀልላል።

የተገኘው ትራክተር ትንሽ ከሆነ፣ መበተኛውም ፍሬን ከሌለው፣ ገንዳውን ከግማሽ በላይ አይሙሉ። ምልልሱ ይበዛል፣ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል፤ ሾፌሩ ግን በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል።