አውራዋን ማን አነገሣት?

የንቦችን እናት በአማርኛ «አውራ» እንላታለን፤ ወንድ ይመስል። ወንዶቹ ድንጉሎቹ ናቸው፤ አውራዋ በቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል የምትጥል ሴት ናት። የሚገርመው ግን አውራዋም ሠራተኛዋም ከአንድ ዓይነት እንቁላል መፈልፈላቸው ነው። እጮቹ ሁሉ መጀመሪያ ሮያል ጄሊ የተባለውን ወተት መሰል ምግብ ይመገባሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ለሠራተኞቹ ማርና የአበባ ብናኝ ይቀላቀልባቸዋል፤ የለውዝ ቅርፊት በሚመስል ቤቷ ውስጥ ያለችው እጩ አውራ ግን ሮያል ጄሊዋ አይቋረጥባትም። እንቁላሉ ከተጣለ በ16 ቀን አውራ ሆና ትወጣለች፤ ሠራተኛዋ በ21። አንዷ ዓመታት ትኖራለች፤ ሌላዋ በሥራ ወቅት ሳምንታት።

ምግብ እንዴት ይህን ያህል ይሠራል? አንዱ መልስ ሜቲሌሽን ነው። ሜቲል አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ብቻ ያላት ቅንጣት ስትሆን፣ ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት አንዱ በሆነው በሳይቶሲን ላይ ትለጠፋለች። የዜማ መጽሐፉን ድጓን ገልጦ ያየ ነገሩ አይከብደውም፦ ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት የሚባሉ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ ፊደሉን አይነኩትም፣ ዜማውን እንጂ። በሰው ሴል ግን ይህ የሜቲል ምልክት በጂኑ መነሻ ላይ ሲከማች ትርጉሙ አብዛኛውን ጊዜ «ዝም በል» ነው። የጉበት ሴልና የአንጎል ሴል አንድ መጽሐፍ ይዘው የተለያየ ምዕራፍ የሚያነቡት በከፊል በዚህ ነው። ሴሉ ሲከፈልም አንድ ኢንዛይም የአሮጌውን ክር ምልክት እያየ በአዲሱ ላይ ይገለብጣል።

በ2008 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ፣ ካንቤራ ውስጥ የነበሩ ተመራማሪዎች አዲስ ምልክት የሚለጥፈውን ኢንዛይም፣ ዲኤንኤምቲ3ን፣ በንብ እጮች ውስጥ በመርፌ አዳከሙት። ከእጮቹ 72 በመቶ ያህሉ የእንቁላል ማመንጫቸው በደንብ ያደገ አውራዎች ሆነው ወጡ! ሮያል ጄሊው የሠራውን ሥራ መርፌ ሠራው ማለት ነው። ነገሩን ግን አናቅልለው፤ በንብ ዲኤንኤ ላይ ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው፣ የሚቀመጡትም በጂኑ መነሻ ሳይሆን በሆዱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የሰውን «ዝም በል» እንዳለ ወደ ቀፎው ማዞር አይቻልም።

አውራ የሞተችበት ቀፎ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ይጠቀምበታል። ሠራተኞቹ ከማር እንጀራው ላይ ገና ሦስት ቀን ያልሞላቸውን እጮች መርጠው ቤታቸውን ያሰፉላቸዋል፣ ሮያል ጄሊም ያጎርፉላቸዋል። ከዚያ ዕድሜ ያለፈችው ሠራተኛ ሆና ትቀራለች።