ያለ አግባብ ከሥራ ተባረዋል? በአረብ ኤምሬትስ ሕግ የሚገባዎትን ይወቁ

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» የተባለ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ፍትሕ ነው ወይ?» ብሎ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ የተባረሩበት ምክንያት ምንድን ነው? ማስጠንቀቂያስ ተሰጥቶዎታል? ይህን ልዩነት ያላወቀ ሠራተኛ የማያገኘውን ካሳ ሲያሳድድ በእጁ ያለውን መብት ያጣል።

በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች የሚተዳደሩት በ2021 በወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 33 ነው። አረብኛው «ፈስል ተዓሱፊ» የሚለው ያላግባብ ስንብት በአንቀጽ 47 ጠባብ ትርጉም አለው። ሠራተኛው ለሚኒስቴሩ ከባድ አቤቱታ በማቅረቡ ወይም አሠሪውን በመክሰሱ ከተባረረ፣ አቤቱታውም እውነት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ካሳ ሊወስንለት ይችላል። አለቃዎ ስለጠላዎት ብቻ መባረርዎ ለዚህ ካሳ አያበቃም።

ካሳው ቢቀርም የማይቀር ክፍያ

አሠሪው በውልዎ መሠረት ከ30 እስከ 90 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ካልሰጠ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል። ያለ ማስጠንቀቂያ ማባረር የሚችለው በአንቀጽ 44 በተዘረዘሩ ጥፋቶች፣ ያውም በጽሑፍ ምርመራ አድርጎ ነው።

አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሠሩ ሰርቪስ አለዎት፦ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ። ለምሳሌ መሠረታዊ ደመወዙ 1,500 ድርሃም የሆነ፣ 4 ዓመት የሠራ ሰው 4,200 ድርሃም ይደርሰዋል። ሒሳቡ ውሉ በተቋረጠ በ14 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

ከመፈረምዎ በፊት

በስንብት ቀን የሚቀርብልዎት ወረቀት ብዙ ጊዜ በአረብኛ ነው። ሁለት ቃላት ይለዩ። «ኢስቲቃላ» ማለት በራስ ፈቃድ መልቀቅ ነው። ከፈረሙበት «ተባረርኩ» ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። «ሙኻለሳ» ደግሞ «ሒሳቤን ጨርሼ ተቀብያለሁ» የሚል ማረጋገጫ ነው፤ ገንዘቡ እጅዎ ሳይገባ አይፈርሙ። ውልዎን፣ የባንክ መግለጫዎንና የዋትስአፕ መልእክቶችን ያስቀምጡ።

የት ይከሰሳል?

ጉዳዩ በቀጥታ ፍርድ ቤት አይሄድም። መጀመሪያ ለሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር በመተግበሪያው ወይም በስልክ ቁጥር 80084 ያመልክቱ። ሚኒስቴሩ ለማስማማት ይሞክራል። የተጠየቀው ገንዘብ ከ50,000 ድርሃም ካልበለጠ ራሱ ውሳኔ ይሰጣል፤ ያልተስማማ ወገን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በላይ የሆነው ካልተስማሙ ወደ ፍርድ ቤት ይመራል። ጥያቄው ከ100,000 ድርሃም ካልበለጠ ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

የቤት ሠራተኞችስ?

ብዙ እህቶቻችን የሚሠሩበት የቤት ውስጥ ሥራ በ2022 የወጣ የራሱ ሕግ አለው፤ ከላይ ያለው ስሌት እዚያ አይሠራም። አቤቱታው ግን እዚያም የሚጀምረው ከሚኒስቴሩ ነው። ፓስፖርትም በሠራተኛዋ እጅ የመቆየት መብት አለው፤ አሠሪዋ ሊይዝባት አይችልም።

በግል ድርጅት ለሚሠሩ መብትን የመጠየቂያው ጊዜ ሥራው ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ነገር ግን ቀነ ገደቡ ሩቅ ነው ብለው አይዘግዩ፤ ማስረጃ የሚጠፋውና ምስክር ወደ አገሩ የሚመለሰው ከዚያ በፊት ነው።