ሕመም የጠፋበት እጅ

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ያኔ ከከተማው ዳር በነበረ ሜዳ ላይ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራ ሆስፒታል ተሠራ። የሥጋ ደዌ የያዛቸው ሰዎች ከሩቅ አገር በእግራቸው እየተጓዙ መጡ። መንገድ ላይ ያሳደራቸው ሰው እንኳ ከእነርሱ ጋር ከአንድ ገበታ አይቆርስም ነበር። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው በዘር የሚወርድ ነው ይላል። ሁሉም የተስማማበት አንድ ነገር ግን ነበር፤ ይህ በሽታ ሥጋ ይበላል፣ ጣት ይጨርሳል።

በ1940ዎቹ ዳፕሰን የተባለው መድኃኒት በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማሸነፍ ጀመረ። የየአገሩ የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ደስታ ግን ብዙ አልቆየም። ባክቴሪያው ከሰውነቱ ጠፍቶለት፣ ድነሃል ተብሎ የተሸኘ ሰው ከጊዜ በኋላ ሲመለስ ጣቶቹ ከቀድሞው አጥረው ተገኙ። በሽታው ከሄደ፣ ጣቱን የሚጨርሰው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ከነሣቸው አንዱ በሕንድ ተራሮች ላይ ከሚሲዮናውያን የተወለደው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነበር። በ1947 በደቡብ ሕንድ፣ ቺንግልፑት የሚገኘውን የሥጋ ደዌ ማዕከል ሊጎበኝ ሄደ። ኃላፊው ሮበርት ኮክራን የቆዳ ሐኪም ነበር። ብራንድ ስለ ሕሙማኑ የተኮማተሩ እጆች ሲጠይቀው ጥያቄውን መልሶ ለጠያቂው ሰጠው፤ የአጥንት ሐኪሙ አንተ ነህ፣ ከሙያህ ሰዎች ይህን ያጠና የለም አለው። ብራንድ አንዱን ሕመምተኛ እጁን አጥብቆ እንዲጨብጠው ለመነው። የጠበቀው የዛለ እጅ ነበር። ያ የተኮማተረ እጅ ግን እንደ ጉጠት ጨመቀው። ሽባ በተባለው እጅ ውስጥ ብርቱ ጡንቻ ነበረ። ታዲያ የሞተው ምኑ ነው?

ብራንድና ባልደረቦቹ መጀመሪያ መልሱን ከሥጋው ውስጥ ፈለጉ። ከሕሙማኑ ጣት ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ መረመሩ፤ ጣት እንዲረግፍ የሚያደርግ ምንም አላገኙም። ቁስሉም ሲታሰርና ሲያርፍ እንደማንኛውም ሰው ቁስል ይድናል። ፍለጋው በዚያ በኩል ተዘጋ።

በዚህ መካከል ብራንድ አንድ ቀን የዕቃ ግምጃ ቤት ሊከፍት ሞከረ። ጓጉንቸሩ ዝጎ ቁልፉ አልዞር አለው። ከሕሙማኑ አንዱ የሆነ፣ ዐሥር ዓመት ያህል የሚሆነው ቀጭን ልጅ ቀርቦ ልሞክረው አለ። ቁልፉን ይዞ አንዴ ሲጠመዝዘው ተከፈተ። ብራንድ በልጁ ጉልበት ሲገረም መሬቱ ላይ የደም ጠብታ አየ። የልጁን እጅ ገልጦ ተመለከተ፤ ቁልፉ ጣቱን እስከ አጥንቱ ቆርጦታል። ልጁ አላወቀም ነበር።

ጉልበቱ የመጣው ከዚያ ነበር። ጤነኛ ሰው ቁልፉ ጣቱን ሊቆርጠው ሲል ያመውና ይተዋል። ይህን ልጅ ግን ተው የሚለው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ የእያንዳንዱ ቁስል መነሻ ይጠየቅ፣ ይመዘገብ ጀመር። ይኼኛው ትኩስ ድስት በባዶ እጁ አንሥቶ ነው፤ ያኛው ጫማው ውስጥ ምስማር ይዞ ሲሄድ ውሎ ነው። ለሁሉም ቁስል ምክንያት ተገኘለት፤ ለአንድ ዓይነቱ ብቻ አልተገኘም። አንዳንዱ ሕመምተኛ ማታ ደህና ጣት ይዞ ተኝቶ ጠዋት ጣቱ ጎድሎ ይነሣል። ሌሊት ምን ይመጣል?

ዘብ ተቆመ። በጨለማ ውስጥ አይጥ ወደ ተኛው ሰው ቀረበች፤ እጁን አሸተተች፤ መብላት ጀመረች። ሰውየው ከእንቅልፉ አልነቃም።

የብዙ ዘመን እምነት በዚያ ሌሊት ፈረሰ። የሥጋ ደዌ ጣት አይበላም። ባክቴሪያው ከቆዳ ሥር ያሉትን ነርቮች ይጎዳል፤ የቀረውን የሚሠሩት እሳት፣ ስለት፣ ጠጠርና አይጥ ናቸው። እኛ ሕመም ጣታችን ላይ ያለ ይመስለናል። ጣት ግን የሚልከው መልእክት ነው፤ መልእክቱን ሕመም የሚያደርገው አንጎል ነው። መልእክቱ ሲቋረጥ ደግሞ አእምሮ የገዛ አካሉን ባለቤትነት እስከ መርሳት ይደርሳል። ሕሙማኑ ለብራንድ እጃቸው የራሳቸው ሳይሆን የተዋሱት መሣሪያ እየመሰለ እንደሚሰማቸው ነግረውታል። ከታሪኩ ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

ብራንድ በ1960ዎቹ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ የጠፋውን ሕመም በመሣሪያ ሊተካ ተነሣ። ጫና የሚለካ ጓንት ተሠራ፤ አደጋ ሲመጣ ጆሮ ላይ ይጮሃል። ሕሙማኑ ጩኸቱን ችላ አሉት። ስሜት ባልጠፋበት ብብት ላይ በኤሌክትሪክ እንዲነዝር ተደረገ። ሥራቸውን ሊጨርሱ ሲፈልጉ ማብሪያ ማጥፊያውን ዘጉት። ብዙ ገንዘብና ድካም የወጣበት ሙከራ ተተወ። ሰው እንዳሻው የሚያጠፋው ሕመም አይጠብቀውም።

ዘነበወርቅ ግቢ ውስጥ ግን ሌላ መንገድ ይጠረግ ነበር። በታኅሣሥ 1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚያው ተመሠረተ፤ ብራንድ በሕንድ የጀመረው የእጅ ቀዶ ሕክምና ትምህርትም ለአፍሪካ ሐኪሞች እዚህ ይሰጥ ጀመር። ሐኪሙ የቀለበት ጣትን የሚያጥፈውን ጅማት ነቅሎ ሽባ ከሆነው አውራ ጣት ጋር ይሰፋዋል። ከዚያ የሚከብደው የሕመምተኛው ሥራ ነው። የቀለበት ጣቱን ላጥፍ ብሎ ሲያስብ የሚነሣው አውራ ጣቱ ነው። ደጋግሞ ሲለማመድ ማሰቡ ይቀራል፤ አውራ ጣቱን ባሰኘው ጊዜ ያነሣዋል። ጅማቱን ያዛወረው ሐኪሙ ነው፤ እጁን እንደ አዲስ የተማረው ግን አእምሮው ነው።

ቁስሉ ግን አሁንም ይመላለስ ነበር። በ1988 የተጀመረውና 594 አዲስ ሕሙማንን እስከ 11 ዓመት የተከታተለው የአለርት ጥናት ምክንያቱን አሳየ፤ ከመቶ 55ቱ ገና በሽታው በታወቀበት ቀን ነርቫቸው በተወሰነ ደረጃ ተጎድቶ ነበር። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ቢገድልም የሞተ ነርቭን አያስነሣም። ሰዎቹ ቁስላቸውን ለማሳሰር ወደ ክሊኒክ ይመላለሳሉ፤ ፋሻው ያልቃል፤ እንደገና ይቆስላሉ። መሣሪያም መድኃኒትም ካልቻሉ፣ ሕመምን ምን ይተካዋል?

መልሱን ያገኙት ሕሙማኑ ራሳቸው ናቸው። በ1995 በአለርት የሥጋ ደዌ ቁጥጥር ፕሮግራም ሥር ቁስላቸውን ራሳቸው ለመንከባከብ የወሰኑ ሰዎች በቡድን መሰብሰብ ጀመሩ። እግራቸውን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፤ የደደረውን ቆዳ ይፍቃሉ፤ ቅባት ይቀባሉ፤ ጣት ለጣት እየገለጡ ያያሉ፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያይለታል። ነርቭ ያቆመውን ጥበቃ ዓይንና ልማድ ተረከቡት። በ1999 ቡድኖቹ 72 ደረሱ። ቤንቦውና ተፈራ ታምሩ ስለ ቡድኖቹ በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ የቁስሉ ቁጥር መቀነሱን፣ ከዚያም ያላነሰ ነገር፣ ሰዎቹ ከጎረቤት ጋር ለመቀላቀል ድፍረት ማግኘታቸውን ዘገቡ። የመሣሪያው ጓንት ያልቻለውን፣ በየመንደሩ ውኃ የተሞላ ሳፋ ከበው የተቀመጡ ሰዎች ቻሉት። እኔ ይህን ከብራንድ ግኝት አላሳንሰውም።

በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይመዘገባሉ። ቆዳዎ ላይ ፈዘዝ ያለና ሲነኩት ስሜት የሌለው ምልክት ካዩ፣ አላመመኝም ብለው አይተዉት፤ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ያልቃል።